ሰው ሳይሞት የተተከለው ድንኳን

አባቴ የሰፈራችን መርዶ ነጋሪ ነው። የሾመው የለም፣ የሚከፍለውም የለም። ከግብርና ቢሮ ጡረታ ከወጣ ወዲህ፣ የአንዱ ሰው ዘመድ ርቆ በሞተ ቁጥር የሚጠራው እሱ ነው። ረጅምና ዝምተኛ ስለሆነ ይሆናል። ዓይኑም ሁልጊዜ እንባ እንዳቀረረ ነው፤ እንባው ግን የአሰላ ብርድ ያመጣው እንጂ የሐዘን አይደለም።

አሠራሩን ሰፈሩ በሙሉ ያውቀዋል። ሽማግሌዎቹ ጎህ ሲቀድ ጋቢያቸውን ተከናንበው ይሄዱና በሩን ያንኳኳሉ። ሐዘንተኛዋ ደንግጣ «ምን ሆናችሁ?» ስትል «ምንም፣ ደህና ነው፣ ግቢ እስቲ» ይሏታል። «ትንሽ አሞት ነበር፣ ተሽሎታል» ይሏታል። እውነቱ የሚነገረው መጨረሻ ላይ ነው፤ አንዳንዴ ጭራሽ አይነገርም፣ አንዱ ማልቀስ ይጀምርና ነገሩ ያልቃል። ስለዚህ እኛ ሰፈር ያደገ ሰው በማለዳ ሽማግሌዎች ደጁ ቆመው «ሁሉም ደህና ነው» ካሉት፣ አንድ ሰው እንደሞተበት ያውቃል።

አባቴ ይህን ከማንም በላይ ማወቅ ነበረበት። ያን ቀን እንዴት እንደረሳው ዛሬም ሳስበው ያናድደኛል።

ጎረቤታችን አጥር የምንጋራት ባሏ የሞተባት ሴት ናት። እሷ ሙስሊም የዚሁ አገር ልጅ ናት፤ እኛ ደግሞ ቅድመ አያቶቻችን ከሸዋ መጥተው እዚሁ የቀሩ ኦርቶዶክሶች ነን። በበዓል ሥጋ ስለማንቀያየር ዳቦ እንቀያየራለን፤ የእሷ ዳቦ ከእኛ ይሻላል። ገበያ ላይ ድንችና ሽንኩርት ትሸጣለች። ያለቻት አንድ ልጅ ናት። ልጅቷ ባሕር ተሻግራ በአንድ ትልቅ ከተማ፣ ትልቅ የገበያ ሕንፃ ውስጥ ጽዳት ትሠራለች። እናትየዋ ተራ ስልክ እንጂ ሌላ ስለሌላት፣ እሑድ እሑድ የሚገናኙት በእኔ ስልክ በኢሞ ነው። ስልኩን ፊቷ ላይ በጣም ስለምታስጠጋው ልጅቷ አብዛኛውን ጊዜ የምታየው የእናቷን ጆሮ ነው። «እማዬ፣ ራቅ አድርጊው» ትላታለች። እናትየዋ ደግሞ ከራቀ የምትሰማ አይመስላትም።

አንድ ቀን ማምሻውን ዜናው መጣ። በዚያ ከተማ አንድ ሰው ጠመንጃ ይዞ የገበያ ሕንፃ ውስጥ ገብቶ ሰው ፈጀ። በስልክ ሲዘዋወር የነበረው ቪዲዮ ላይ የሚታየው የሰው ሩጫና ወለሉ ላይ የተበታተነ ጫማ ነው። ሕንፃውን ወዲያው አወቅሁት፤ ልጅቷ ከፊት ለፊቱ ቆማ የተነሳችው ፎቶ እናቷ ቤት ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ጻፍኩላት፤ መልእክቱ አልደረሳትም። ደወልኩ፤ አይጠራም። እናትየዋን ከማስደንገጥ ጠዋት ድረስ ልጠብቅ ብዬ ለማንም ሳልናገር ቀረሁ።

ሳሎን ውስጥ አባቴና የእድራችን ዳኛ ያንኑ ዜና በቴሌቪዥን እያዩ ነበር። ዳኛው ብረታ ብረት ሻጭ ነው፤ ሁለት ሰው ፊትም ቆሞ ካልሆነ አይናገርም።

«ሃይማኖቱ ምንድን ነው?» አለ ብድግ ብሎ።

ስንት ሰው ሞተ አላለም። የት ነው አላለም።

«ገና አልተናገሩም» አለው አባቴ።

አንድ ሰዓት ያህል ጠበቁ። የኳስ ውጤት እንደሚጠብቅ ሰው ቴሌቪዥኑ ላይ አፈጠጡ። በመጨረሻ ዳኛው ስልኩ ላይ ከማያውቀው ቻናል ገዳዩ ሙስሊም ነው የሚል አገኘ። ይቆጣል ብዬ ነበር፤ አልተቆጣም። ይልቅስ እንግዳ እንደመጣበት ሰው ተጨነቀ።

«በቃ፣ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን መሸማቀቃቸው ነው» አለ። «ነገ ገበያ ላይ ቀና ብለው ሊያዩን ያፍራሉ። ቀድመን ሄደን አንይዝባችሁም ማለት አለብን።»

«ማን ይይዝባቸዋል?» አልኩት ከጓዳ። «ሰውየውን የት ያውቁታል?»

«አንቺ ዝም በይ። ይሄ የሽማግሌ ነገር ነው» አለኝ አባቴ።

እነሱም መከሩ። ከቅርብ ለመጀመር ጎረቤታችን ዘንድ ይኬዳል ተባለ። ነገሩ እንዲመዛዘን ደግሞ ከወዲያኛው ሰፈር ያሉት ሐጂ ይጨመራሉ። ዳኛው ሱቁ፣ እሷም ገበያዋ ስላለባቸው ማለዳ ይሻላል። የተናገሩት ሁሉ ለየብቻው ሲታይ የአዋቂ ነገር ነበር። እኔ ስልኬን ደረቴ ላይ አድርጌ ተኛሁ።

የነቃሁት በጩኸት ነው።

ነጠላዬን እንኳን ሳልይዝ ወጣሁ። ከጭላሎ ተራራ የወረደው ጉም ገና አልተገፈፈም። ሦስቱ ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው በሯ ላይ ቆመዋል፤ እሷ የድንች ጆንያዋ ላይ ወድቃለች። በኋላ እንደተረዳሁት፣ በሩን ስትከፍት አባቴ ከልማዱ የተነሳ አፉ ላይ የመጣለትን ተናግሯል። «ደህና ነው፣ ምንም የለም፣ ግቢ እስቲ» ብሏታል።

«ኢንተላ ኮ» ትላለች በኦሮምኛ ደረቷን እየመታች፤ «ልጄን፣ ልጄን፣ ኢንተላ ኮ።»

«ኧረ ልጅሽ ደህና ናት» አላት አባቴ። «የመጣነው ለሌላ ጉዳይ ነው።»

መርዶ ነጋሪም የሚለው ይህንኑ ነው። እሷም ታውቀዋለች፤ የባሏን ሞት የነገራት ያው አባቴ ነው፣ ያን ጊዜም ለሌላ ጉዳይ ነው የመጣነው ብሏታል።

«ለምን ጉዳይ?» አለች ከወደቀችበት።

ዳኛው ጉሮሮውን ጠረገ። «ውጭ አገር ትናንት አንድ ሰው ሰዎች ገድሎ…» ብሎ ጀመረና የከተማውን ስም ጠራ። ስሙን ሲጠራ ሐጂ ጺማቸውን ጨበጡ። አባቴ ወደ እኔ ዞረ። ለሱ ውጭ አገር ሁሉ አንድ ስለሆነ ልጅቷ የት ከተማ እንዳለች ጠይቆ አያውቅም። ፊቴን ሲያይ ያለችው እዚያ መሆኑን ተረዳ። ልናጽናና ብለው የመጡበትን ቤት በእጃቸው ለቅሶ ቤት እንዳደረጉት ያወቀው ያን ጊዜ ነው፤ ከዚያ የባሰው ደግሞ ልጅቷ በእርግጥ ሞታ ሊሆን እንደሚችል አሁን እሱም ያውቃል።

«ደህና ናት» አላት እንደገና። አሁን ግን ዓይኗን አላየም።

እሷ እሱን ትታ ወደ ሐጂ ዞረች። «ሐጂ፣ እርስዎ አይዋሹም። ወላሂ ደህና ናት ይበሉኝ።»

ሐጂ የማያውቁትን ነገር እንዴት ይማሉ። መሬት መሬቱን እያዩ «ኢንሻአላህ» ብቻ አሉ። ጎረቤታችን ከዚያ በኋላ ምንም አልጠየቀችም።

የእድሩ ጡሩምባ ነፊ ቤቱ ከመንገዱ ማዶ ነው። ዳኛውን በማለዳ ጋቢ ለብሶ፣ ከሚጮህበት ቤት ደጅ ቆሞ አየው፤ ሌላ ማስረጃ አላስፈለገውም። ነፋው። ዳኛው ሊያስቆመው ሲሮጥ ሰውየው ሁለት ቅያስ ቀድሞታል። ዳኛው ሲሮጥ አይቶት የማያውቅ ሰፈር ደግሞ ጋቢውን እየጎተተ ሲያልፍ አይቶ፣ ነገሩ ከባድ ነው ብሎ ጫማውን አጠለቀ።

ጥቂት ቆይቶ ጋሪው የድንኳኑን ምሰሶና አግዳሚ ወንበሮቹን ጭኖ መጣ።

«መልሱት፣ የሞተ የለም» አላቸው ዳኛው እያለከለከ።

«ጡሩምባ ከተነፋ በኋላ ድንኳን አይመለስም» አለው ባለጋሪው። «ደንቡን ያወጣኸው አንተ ነህ።» እውነቱን ነው፤ ያወጣው እሱ ነው። ድንኳኑ ተተከለ።

አባቴ መግቢያው ላይ ቆሞ ለሚመጣው ሁሉ «አልሞተችም፣ አልሞተችም» ይላል። ሰውም እጁን በሁለት እጁ ይይዝና «አዎ፣ ለእናትየዋ እንዲህ ቀስ እያሉ ማስለመዱ ነው የሚሻለው» ብሎት ገብቶ ያለቅሳል። አንዳንዱ ጭንቅላቱን ስሞት አለፈ። የጎረቤታችን እህት ከሁሩታ ከተማ ስትመጣ ከባጃጁ ሳትወርድ ነው መጮህ የጀመረችው። ልጅቷ በሕይወት ሳትኖር አትቀርም ስላት «ወይ አንጀቴ፣ አንቺም ልትዋሺኝ?» ብላ አቀፈችኝና ባሰባት።

እኔ ጓዳ ከጎረቤታችን አጠገብ ተቀምጬ እደውላለሁ፣ እደውላለሁ። አይጠራም። እሷ ማልቀሷን አቁማለች። ዓይኗ ከስልኬ አይነቀልም። ሴቶቹ ውሃ ሊያጠጧት ሲሞክሩ አፏን አትከፍትም። እጄን ይዛኛለች፤ ጣቶቿ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዘው ነበር። ልጅቷ ሞታ ከሆነ ለዚች ሴት የምነግራት እኔ ነኝ ብዬ አሰብኩ፣ መልእክቱ የሚመጣው በኔ ስልክ ነውና። እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም።

ድንኳኑ ውስጥስ? ድንኳኑ ውስጥ የተያዘው ወሬ የገዳዩ ሃይማኖት ነው። ከእነሱ የሚለየን ሸራ ብቻ ስለሆነ ሁሉም ይሰማል። አንዱ፣ ገዳዩ ሃይማኖት የሌለው ሃይማኖተኛ ነው አለ። ሌላው ስለ ስሙ ተከራከረ። ዳኛው የመጣበት ጉዳይ ተንጠልጥሎ መቅረቱ ስለከነከነው፣ ሕዝብ ከተሰበሰበ አይቀር ብሎ ተነሳ።

«በመካከላችን ያላችሁ ሙስሊም ወንድሞቻችን» አለ፣ «የአንድ ሰው ጥፋት የሁሉም አይደለም። እኛ አንይዝባችሁም። ይቅር ብለናል።»

ሙስሊሞቹ እርስ በርስ ተያዩ። ጨዋዎች ስለሆኑ «አሜን» አሉ።

ብዙም ሳይቆይ ስልኩን ሲነካካ የነበረ አንድ ሰው ዜናው መቀየሩን ተናገረ። ገዳዩ ክርስቲያን ነው፤ አንገቱ ላይ መስቀል ታይቷል ተብሏል። ሲዞር የነበረው የንፍሮ ሰሃን እንኳን ባለበት ቆመ።

አሁን ሐጂ ቀስ ብለው ተነሱ። «እኛም አንይዝባችሁም» አሉ። «ይቅር ብለናል።»

ዳኛው ፊቱ ቀላ። «ይቅር? እኛ ምን አድርገን ነው ይቅር የምትሉን?»

«ቅድም እናንተ ይቅር ስትሉን እኛ ምን አድርገን ነበር?» አሉት ሐጂ።

«ያ ሌላ ነው» አለ ዳኛው፤ ለምን ሌላ እንደሆነ ግን ማስረዳት አልቻለም። ከኋላ ያሉት ተንጫጩ። ሰው ሳያስበው ክርስቲያኑ ወደ አንድ አግዳሚ፣ ሙስሊሙ ወደ ሌላ አግዳሚ ተጠጋ። ከሁሉም የገረመኝ አንዱም ንፍሮውን አለመተዉ ነው፤ ስንዴና ሽምብራ ስለሆነ የሁለቱም ወገን ሰው ይበላዋል፣ ሰሃኑ በመካከላቸው ወዲህና ወዲያ ይመላለሳል። እየተኮራረፉ ይቀባበሉታል።

ከዚያ ሦስተኛው ዜና መጣ። ሰውየው ከሃይማኖት ጋር የሚያገናኘው ነገር አልተገኘም፤ ለምን እንዳደረገው አይታወቅም ተባለ። ደስ ይላቸዋል ስል ጭራሽ ከፋቸው።

«እና ይቅርታ የሚጠይቀው ማን ሊሆን ነው?» አለ አንድ ሰው ከልቡ ተቸግሮ።

ጠላኋቸው። እውነቴን ነው፣ አባቴንም ጨምሮ ሁሉንም ጠላኋቸው። ይህ ሁሉ ሲባል የሞቱት ሰዎች እነማን እንደሆኑ የጠየቀ አንድም አልነበረም። ይህች ሴት ደግሞ ከሸራው ወዲህ የልጇን ድምፅ እየጠበቀች ነው። ወጥቼ ልጮህባቸው ብድግ ስል ስልኩ ጠራ።

ቁጥሩን አላውቀውም። የውጭ ነው። አነሳሁት።

«እህቴ፣ እኔ ነኝ» አለች ልጅቷ። «ስልኬ ሕንፃው ውስጥ ቀርቷል፣ ፖሊስ አሽጎታል። የሰው ስልክ ለምኜ ነው። እማዬ አልሰማችም አይደል?»

ስልኩን ለእናቷ ሰጠኋት። እናቷ እንደ ልማዷ ጆሮዋ ላይ ለጠፈችውና አዳመጠች። ፊቷ አልተፈታም።

«አንቺ ማነሽ?» አለች።

«እኔ ነኝ እማዬ።»

«ማን ነው ልኮሽ? ሽማግሌዎቹ ናቸው?»

የልጅቷ ድምፅ ወደ ውጭ ይሰማል፤ ግራ ተጋብታለች። እናቷ ዓይኗን ጨፈነች። «ልጄ ከሆንሽ፣ አባትሽ የሞተ ቀን ምንድን ነው የደበቅሽው?»

«ጫማውን» አለች ልጅቷ። «ለሰው እንዳትሰጡብኝ ብዬ።»

ያን ጊዜ ጎረቤታችን ጮኸች። ከጠዋቱ ጩኸት የተለየ ነበር፤ ድንኳን ውስጥ ላሉት ግን መለያ አልነበረውም። እውነተኛው መርዶ አሁን ደረሰ ብለው ሁሉም ተነስተው አለቀሱ፤ ከሁለቱም አግዳሚ። ዳኛው ራሱ ጋቢውን አፉ ላይ አድርጎ ተንሰቀሰቀ። ወጥቼ «በሕይወት አለች» ብላቸው በሐዘኔታ ያዩኛል። «ጠንክሪ የኔ ልጅ» አለችኝ አንዷ። ስልኩን ከእናቷ ተቀብዬ ድምፁን ከፍ አድርጌ በመካከላቸው ያዝኩት።

«ምንድን ነው የሚሰማው?» አለች ልጅቷ ከስልኩ ውስጥ። «ማን ሞቶ ነው?»

ሰው ሁሉ አፉን ከፍቶ ስልኩን ያያል። አንድ ሽማግሌ አማተቡ፣ ሐጂ «አልሐምዱሊላህ» አሉ፣ የሁሩታዋ እህት ግን ጥቂት ጊዜ ለቅሶዋን መግታት አልቻለችም።

እናትየዋ ከጓዳ ወጥታ ስልኩን ከእጄ ወሰደች። «እዚያስ?» አለቻት። «እዚያ የሞተው ማን ነው?»

ያን ቀን ይህን የጠየቀች የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ናት። ልጅቷ ነገረቻት። አብራት የምትሠራ፣ አብራት የምትበላ ከሌላ ድሃ አገር የመጣች ልጅ ሞታለች። ፎቁን ያን ቀን በሷ ፈንታ ልታጸዳ የወጣችው ያቺ ልጅ ናት። «እኔ ልወጣ ነበር እማዬ» አለች፤ «ጀርባዬን አሞኝ ነበር፣ አንቺ ተቀመጪ ብላኝ ነው።»

«እናት አላት?»

«አላት። አገሯ ናት።»

«ማን ነገራት?»

«ማንም። በስልክ ነው ያየችው። ቪዲዮው ላይ ጫማዋን አይታ አወቀቻት።»

«ደጇ የሄደ ሰው የለም?»

«እኔ እንጃ። ያለ አይመስለኝም።»

ጎረቤታችን ስልኩን መለሰችልኝ። አባቴ የድንኳኑን ገመድ ሊፈታ ጎንበስ ብሎ ነበር። ዳኛውም በሰው ፊት እንዲህ ሆኖ መቆሙ አሳፍሮት፣ ቶሎ ይነሳ እያለ ያጣድፋል።

«ጋሼ፣ ይተዉት» አለችው አባቴን። «ቁጭ በሉ።»

«የእድሩ ድንኳን ለአባልና ለአባል ቤተሰብ…» ብሎ ጀመረ ዳኛው። ከኋላ ደግሞ አንድ ሰው፣ ለክፋት ሳይሆን የትኛው ጸሎት እንደሚደረግ ለማወቅ ብሎ «የሟቿ ሃይማኖት ምንድን ነው?» አለ።

እሷ ለሁለቱም አልመለሰችላቸውም። ነጠላዋን አጥብቃ ወገቧ ላይ አሰረች፣ ሐዘንተኛ እንደሚያደርገው፤ መሬቱ ላይም ተቀመጠች። «እናንተ ጠዋት ስትመጡብኝ ረግሜያችሁ ነበር» አለች። «ክፉ ወሬ ብታመጡብኝም ቢያንስ ደጄ ቆማችሁ ነው። እሷ ግን ብቻዋን ነው ያየችው።» ከዚያ ስሟን ለማታውቀው ልጅ ማልቀስ ጀመረች።

ሐጂ ቀድመው ተቀመጡ። ዳኛውም ተቀመጠ። ሲቀመጥ ያገኘው ቦታ ሐጂ አጠገብ ነበር። ድንኳኑ እስከ ማታ ድረስ አልተነሳም።

ሲመሽ ከአባቴ ጋር በአጥሩ ሽንቁር በኩል ወደ ቤታችን ተሻገርን። ልቆጣው ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ። ግን ጋቢውን ጠቅልሎ ብብቱ ስር ይዞ፣ አንገቱን ደፍቶ ሲሄድ አይቼ ተውኩት። በሩ ጋ ስንደርስ ቆመ።

«የሟቿ እናት ያለችበት አገር ሩቅ ነው?» አለኝ።

«በአውሮፕላን ነው አባዬ።»

ጋቢውን ከብብቱ አውጥቶ ትከሻው ላይ ጣለ።

«ማለዳ ይደርሳል?» አለኝ።